«እርሺው» አትበሏት፦ ክፉ ቀን ያለፈባት ልጅ ቤት ስትመለስ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ከአረብ አገር የተመለሰች ሰሞን ነው። ሳሎን ቡና እያፈላች እናቷ ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ጣለች። ልጅቷ የያዘችውን ሲኒ ለቃ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። «ምን ሆንሽ? ክዳን እኮ ነው!» አልናት። ክዳን መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ ሰውነቷ ነው ያላወቀው።

ያኔ ብዙ ተሳሳትን። እናንተም እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው «ያለፈው አልፏል፣ እርሺው» ማለት ነው። በፍቅር ነው የምንለው፣ አውቃለሁ። ግን አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ አደጋ ሲመጣ እንደ ደወል የሚጮህ ክፍል አለ፤ ትራውማ፣ ማለትም ክፉ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀር የውስጥ ቁስል፣ ያለበት ሰው ላይ ደወሉ አደጋው ካለፈ በኋላም በትንሽ በትልቁ ይጮሃል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይሄ በፈቃድ የሚረሳ ነገር አይደለም። «እርሺው» ስንላት የገባት ነገር ቢኖር፣ እዚህ ቤት ይሄ ጉዳይ አይወራም የሚል ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

በግድ ማስወራትም ያው ነው። እንኳን ደህና ገባሽ ሊል የመጣው ጎረቤት ሁሉ «እስቲ ምን አደረጉሽ?» ይላታል። ከአደጋ ማግስት ሰውን ቁጭ አድርጎ ሁሉንም ማስተረክ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ታውቋል። ትብላ፣ ትረፍ፣ ሰላም ይሰማት። ልናገር ካለች ሳታቋርጡ ስሟት።

እኛ በጣም የተሳሳትነው ግን በሰውነቷ ሕመም ነው። ጨጓራዋን ያቃጥላታል፣ ራሷን ያማታል፣ ጀርባዋ አልላወስ ይላል። ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርን። ውጤቱ «ምንም የለም» ሲል እኛም «ምንም የለብሽም» አልናት፤ እያስመሰለች ነው ያለም ነበር፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ጭንቀቱ ሲከርም እንቅልፍን፣ ሆድን፣ የደም ግፊትን ሁሉ ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በልጅነታቸው ብዙ መከራ ያዩ ሰዎች አድገው ለልብ ሕመም፣ ለድብርትና ለመጠጥ ሱስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ጨጓራውን አስመርምሩ፣ ግን ለሐኪሙ ምን እንዳለፈባትም ይነገረው። እሷ ከፈቀደች ብቻ።

ከጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን ተቀብሎ መስጠትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የሚያረጋጉና የሚያስተኙ መድኃኒቶች በመጀመሪያው ወር ለእንዲህ ያለ ጭንቀት እንዳይሰጡ መክሯል። አረቄም ቶሎ ቢያስተኛ እንኳ እንቅልፉን ይረብሻል።

ጠበል ወይስ ሐኪም ብላችሁም አታስመርጧት። ሁለቱም ይሁኑላት።

በመጨረሻ፣ «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ ዝም ብሎ መጠበቅ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ከሰው መሸሹ ከወር ካለፈ ግን የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ይረዳል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ደግሞ ወር አይጠበቅም፣ ዛሬውኑ ውሰዷት፣ ብቻዋንም አትተዋት።

አሁን ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ እናቷ ቀድማ «እኔ ነኝ፣ ክዳን ነው!» ትላለች። ልጅቷ ዛሬም ትደነግጣለች። ሲኒውን ግን አትለቀውም።