በኮምቦልቻና በደሴ በሥራ ለማደግ፦ ግብን አጥርቶ መጻፍና ደፍሮ መጠየቅ

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ሆነ በደሴ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን ጠንቅቀው እያወቁ ለዓመታት በአንድ መደብ ላይ የሚቆዩ ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹን ያገዳቸው ይሉኝታ ነው፤ «አለቃዬ ሥራዬን ያያል፣ ጊዜው ሲደርስ ያሳድገኛል» ብለው ይጠብቃሉ፣ አለቃቸውም ዝምታቸውን ባሉበት ደስ እንደተሰኙ አድርጎ ይወስደዋል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚባለው ይኼው ነው። ይሁን እንጂ የሚፈልጉትን ነገር ሳያጠሩ መናገርም የትም አያደርስምና መጀመር ያለበት ከግቡ ነው።

«ማደግ እፈልጋለሁ» የሚል ጥያቄ የቀረበለት ኃላፊ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ግብዎ የመደቡን ስም፣ የሚደርሱበትን ጊዜና መደቡ የሚጠይቀውን ማስረጃ ይያዝ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በስፌት መስመር የምትሠራ ወጣት «እስከ ሰኔ መጨረሻ ረዳት የመስመር ተቆጣጣሪ መሆን» ብላ ብትጽፍ ማጣራት ያለባት ነገር ወዲያው ይታያታል፤ መደቡ ምን ያህል ትምህርትና የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል ወይ፣ የሚወስነውስ የምርት ክፍል ኃላፊው ነው ወይስ የሰው ሀብት ክፍሉ? መልሱን ከጓደኛ ወሬ ከመልቀም ይልቅ የሥራ መዘርዝሩን ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቆ ማንበብ ይሻላል። ተጨማሪ ትምህርት የሚያስፈልግ ከሆነ ጊዜውን በእውነት ያስሉ፤ ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ሰዎች የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጠዋትና ማታ እንደሚመላለሱበት አይርሱ፣ ድካሙ ለማታ ጥናት የሚተርፈውን ጉልበት ይቀንሳልና።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ፈረቃዎ ሲያበቃ በአንዲት ደብተር ላይ ስንት ምርት እንዳወጡ፣ ስንቱ በጥራት ተቆጣጣሪ እንደተመለሰ፣ መስመሩ በምን ምክንያት ለስንት ደቂቃ እንደቆመና እርስዎ ምን እንዳደረጉ ይጻፉ። የመርፌ መሰበርን የመሰለ ትንሽ ነገርም አይናቅ። ሦስት ወር በዚህ መልክ የጻፈ ሰው ኃላፊው ፊት ሲቀርብ ራሱን ማወደስ አያስፈልገውም፤ ፍርሃቱም በአብዛኛው የሚለቀው ደብተሩን በእጁ ሲይዝ ነው።

ጥያቄውን በፈረቃ ቅያሪ ግርግር ወይም በመተላለፊያ ላይ አያቅርቡ፤ ቀጠሮ ይያዙ። ለታላቅ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ይስጡ፣ ነገር ግን «እንደው ምናልባት ቢሆንልኝ ብዬ ነበር» እያሉ ነገሩን አያድበስብሱት። ያቺ ወጣት እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «እስከ ሰኔ መጨረሻ በረዳት ተቆጣጣሪነት መሥራት እፈልጋለሁ። የሦስት ወር የሥራ መዝገቤ ይኸውልዎ። የጎደለኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ አሟልቼ በሚያዝያ እመለሳለሁ።» ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መልሱን መጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው ዝምታው ሲከብደው ጥያቄውን ራሱ መልሶ ይተወዋል።

በቃል የተነገረው ደግሞ በማመልከቻ ይጽና። «ጉዳዩ፦» በሚለው ስር የመደቡን ስም በግልጽ ጽፈው በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት አስገብተው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እድገት የሚገኘው በአብዛኛው በውስጥ ማስታወቂያና በውድድር ስለሆነ፣ እዚያ የሚያስፈልገው ድፍረት «ለእገሌ የተዘጋጀ ነው» የሚለውን ወሬ ወደ ጎን ትቶ መመዝገብ ነው።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ምን እንደጎደለና መቼ ተመልሰው መጠየቅ እንደሚችሉ ይጠይቁ። ያሉዎትን አሟልተው በቀጠሮው ቀን ሲመለሱ ምክንያቱ ከተለወጠ፣ ሌላ ቦታ መፈለግ ተገቢ ነው። አዲሱ ውል ሳይፈረም ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አሠሪውም ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ወረቀቱን ከመሰናበትዎ በፊት ተቀብለው የመደብዎ ስም በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ። በዚሁ አዋጅ መሠረት በአዲሱ ቦታ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥምና፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቅርብ አለቃዎ ቀርበው በእነዚህ ቀናት ውስጥ በምን እንደሚመዘኑ ይጠይቁ፤ የሚሰጡዎትንም መልስ በዚያችው ደብተር ላይ ያስፍሩ።