የዊኪዳታን መለያ ቁጥር ማግኘትና መጠቀም

በአማርኛ መረጃ ሲሰበሰብ ትልቁ እንቅፋት የስም አጻጻፍ ነው። «ጸሐይ» እና «ፀሃይ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «አዋሽ» ደግሞ ወንዝም፣ ከተማም፣ ባንክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ዊኪዳታ የተባለው ነጻ የኢንተርኔት የመረጃ ቋት ይህን ችግር የሚፈታው ለእያንዳንዱ ነገር በላቲኑ «ኪው» ፊደል የሚጀምር መለያ ቁጥር በመስጠት ሲሆን፣ ስሙ ከቋንቋ ቋንቋ ቢለያይም ቁጥሩ ያው ነው።

ቁጥሩን ለማግኘት በመፈለጊያው ሳጥን ስሙን ጽፈው ገጹን ይክፈቱ፤ ከርዕሱ አጠገብ በቅንፍ ውስጥ፣ እንዲሁም በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያገኙታል። የኢትዮጵያ ኪው115፣ የአዲስ አበባ ኪው3624 ነው። ቁጥሩን ከመቅዳትዎ በፊት ግን ከርዕሱ ሥር ያለውን አጭር መግለጫ ማንበብ የግድ ነው፤ ወንዙን ፈልገው የባንኩን ቁጥር ይዘው ቢሄዱ ስህተቱን በኋላ የሚነግርዎ የለም።

በነገሮች መካከል ያለው ግንኙነትም በ«ፒ» የሚጀምር የራሱ ቁጥር አለው። ፒ36 «ዋና ከተማ» ማለት ስለሆነ፣ በዊኪዳታ የመጠይቅ ገጽ ላይ የኪው115ን ፒ36 ሲጠይቁ መልሱ ኪው3624 ሆኖ ይመጣል።

በራስዎ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከስሙ ዓምድ ጎን ለቁጥሩ አንድ ዓምድ ይክፈቱ፤ ሁለት ሠንጠረዦችን የሚያገናኙትም በስም ሳይሆን በዚሁ ዓምድ ይሁን። ስለ አንድ ነገር የተፈጠሩ ሁለት ገጾች ሲዋሐዱ የቀድሞው ቁጥር ወደ ቀሪው ስለሚመራ፣ የቆየ ሠንጠረዥዎን አልፎ አልፎ ማመሳከር ይገባል።