በጣሊያን ጊዜ የሞቱ አያትን መቃብር ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እንዴት መፈለግ ይቻላል?

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ መቃብር ቦታ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ስም ሰብስቡ እላለሁ። ጎረቤት «ይመር» የሚላቸውን ሰው ቄሱ የሚያውቋቸው በክርስትና ስማቸው ነው። ሹም ከነበሩ ደግሞ «አባ እገሌ» የሚል የፈረስ ስም ሊኖራቸው ይችላል። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስለሚሆን በየትኛው ሃይማኖት እንደተቀበሩም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሁሉንም ስም አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ቀጥሎ ቀኑን እንፈልግ። ትልልቅ ሰዎችን «በስንት ዓመተ ምሕረት ሞቱ?» ብትሏቸው «እኔ ምን አውቄ ልጄ» ነው መልሱ። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ጾም ነበር ወይስ ፍስክ? ክረምት ወይስ በጋ? ተስካሩ ወይም ሰደቃው መቼ ወጣ? መርዶውን ማን አመጣው?

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ላሳያችሁ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ሕዳር 26 ቀን 1928 ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሕዳር ጽዮን ከዋለች አምስተኛው ቀን፣ ክርስቲያኑ በነቢያት ጾም ላይ፣ ሙስሊሙም በረመዳን ላይ። ስለዚህ አንዲት እናት «አባቴ በረመዳን ከተማው ሲቃጠል ሞቱ ይሉ ነበር» ካሉ ትልቅ ፍንጭ አገኛችሁ። «በሁዳዴ፣ ከጃንሆይ ጋር ዘምተው ቀሩ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ መጋቢት 22 ቀን 1928 ወደተደረገው የማይጨው ጦርነት ይጠቁማል። ያኔ መቃብሩን ደሴ ላይ አትፈልጉ። ቤተሰቡ ያለቀሰው ልብሳቸውን ዘርግቶ ሊሆን ይችላል። «ጣሊያን ደሴ በገባ ሰሞን» የሚሉም አሉ። ያ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፤ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን።

ኮምቦልቻን በተመለከተ «ጣሊያን ሲወጣ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሚያዝያ 1933 ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በኮምቦልቻ መንገድ ጣሊያንን እየገፋ መጥቶ ነው ሚያዝያ 18 ደሴ የገባው፤ ስለዚህ ቃሉ ወደዚያ ሰሞን ይጠቁማል።

ሙሾ የሚያውቁ ሴቶችን ሳታነጋግሩ እንዳትመለሱ። ሙሾ የሟቹን ስም፣ የወደቀበትን ወንዝ ወይም ተራራ፣ አንዳንዴም የገደለውን ይዞ ይቆያል። ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ግጥሙ ውስጥ ታገኛላችሁ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅረጹ። አያትየው አርበኛ ከነበሩና ቤት ውስጥ ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ከተገኘ ፎቶ አንስታችሁ አዲስ አበባ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ጠይቁ።

አሁን ወደ መቃብሩ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ መስጊድ ከሆነ ኮሚቴውን አስፈቅዱ። የድሮ መቃብር ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ የለውም፤ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡን ሌሎች መቃብሮች ፈልጉ፤ ዘመድ ከዘመድ አጠገብ ነው የሚቀበረው። ቦታውን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ካገኛችሁ አንድ ላይ አትውሰዷቸው። ለየብቻ ውሰዷቸው፤ ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ከቆሙ እመኑ። ካልተስማሙ አትቸኩሉ፤ በሰው መቃብር ላይ የራሳችሁን ሰው ስም መጻፍ ከባድ በደል ነው። መቆፈርም ሆነ ድንጋይ ማንሳት ፈጽሞ አይገባም።

አጽሙ ፈልሶ እንደሆነም ጠይቁ። ሕንፃ ሲታደስ ወይም መንገድ ሲሰፋ አጽም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ይህን ከካህናቱ ይልቅ ለረጅም ዓመት የጠበቁት ዘበኛ ሊያስታውሱ ይችላሉ።

ያገኛችሁትን ሁሉ፣ የነገሯችሁን ሰዎች ስም ጨምሮ፣ በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር ለደብሩ ወይም ለመስጊዱ ተዉ። ያንኑ ሰው የሚፈልግ፣ እናንተ የማታውቁት የአጎት ልጅ ሊመጣ ይችላል።