በስልክዎ የሌሎችን የጠፋ ዕቃ በመፈለግ ሲሳተፉ፦ አሠራሩ፣ ማስተካከያውና ጥንቃቄው

ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ የማያውቋቸውን ሰዎች የጠፋ ቁልፍ፣ ቦርሳና ስልክ በመፈለግ ሥራ ሊሳተፍ ይችላል። የአፕል «ፋይንድ ማይ» እንዲሁም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ጀምሮ ኋላ ላይ «ፋይንድ ሃብ» ያለው መረብ የሚሠሩት እንዲህ ነው። የጠፋው ዕቃ ወይም ከዕቃው ጋር የተያያዘች ትንሽ መከታተያ በብሉቱዝ የሚለቁትን ምልክት በአጠገቡ የሚያልፍ ስልክ ሲይዘው፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ አመስጥሮ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል፤ ይህንንም ፈትቶ ማንበብ የሚችለው የዕቃው ባለቤት ብቻ ነው።

ማመስጠሩ መገኛዎን ከኩባንያው ይሰውራል፤ ባለቤቱ ግን ዕቃው ያለበትን ቦታ ያያል፣ ያ ቦታ ደግሞ የተወሰደው ከእርስዎ ስልክ ነው። እንደ መርካቶ ባለ ሕዝብ በሚተራመስበት ሥፍራ ምልክቱን ማን እንደያዘው መገመት አይቻልም። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር ግን «እዚህ ቤት ሰው አለ» ብሎ ለመደምደም አንድ መረጃ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የት የት እንደሚሳተፉ ነው።

በአንድሮይድ ስልክ በመጀመሪያ የስክሪን መቆለፊያ ያብጁ፤ ከዚያም በሴቲንግ ውስጥ የጉግልን ክፍል፣ ቀጥሎም ፋይንድ ሃብን ከፍተው ኢንተርኔት የሌላቸውን መሣሪያዎች የመፈለጊያ ምርጫ ያግኙ። አራት አማራጮች አሉ፦ ሙሉ በሙሉ መዝጋት፣ ያለ መረቡ የራስን መሣሪያዎች የመጨረሻ መገኛ ብቻ ማስቀመጥ፣ ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች ብቻ መሳተፍ፣ በሁሉም ቦታ መሳተፍ። እኔ የምመክረው ሦስተኛውን ነው፤ በዚህ አማራጭ መገኛው ለባለቤቱ የሚታየው ብዙ ስልኮች ዕቃውን ሲያገኙት ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ተነጥሎ አይጋለጥም። አራተኛው ጭር ባለ አካባቢ ንብረታቸው ለሚጠፋባቸው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ዋጋው ግን የአንድ ስልክ መረጃ ብቻውን መላኩ ነው። የቤት አድራሻዎን በጉግል አካውንትዎ ካስቀመጡ ስልክዎ ቤትዎ አካባቢ ሲሆን ስለሌሎች ዕቃ መረጃ አይልክም።

በአይፎን ምርጫው መክፈት ወይም መዝጋት ብቻ ነው፤ ከዘጉት የራስዎን ስልክ ኢንተርኔት በሌለው ጊዜ በመረቡ ማግኘት አይችሉም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ይኸው መረብ ሰውን በድብቅ ለመከታተል ሊውል መቻሉ ነው፤ በተለይ ከበደለኛ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ለሚሸሹ። ከግንቦት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይፎንም አንድሮይድም የማይታወቅ መከታተያ አብሮዎት ሲጓዝ የሚያስጠነቅቁበት የጋራ አሠራር አለ። ማስጠንቀቂያው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ በአንድሮይድ ደኅንነትና ድንገተኛ አደጋ በሚለው ክፍል ሳይጠብቁም መፈተሽ ይቻላል። መከታተያ ካገኙ በድምፁ ይፈልጉት፣ ፎቶ ያንሱት፣ የሚታየውን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ። ያስቀመጠው የሚፈሩት ሰው ነው ብለው ከጠረጠሩ ግን ባትሪውን ለማውጣት አይቸኩሉ፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ያውቅብዎታልና፣ በመጀመሪያ ሰው ወዳለበት ቦታ ሄደው ከሚያምኑት ዘመድ ወይም ከፖሊስ ጋር ይነጋገሩ።