አዲሱ ትልቅ ቤት ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ለመውጣት (የደብረ ብርሃን ሰው ምክር)

ደብረ ብርሃን ላይ አሁን አሁን የሚከፈቱት ቤቶች ግዙፍ ናቸው። ምድር ላይ ሥጋ ቤት፣ ከጎኑ ካፌ፣ ፎቅ ላይ ሬስቶራንት፣ ከሱ በላይ ላውንጅ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ መብራት የተንዠረገገበት ክፍት ቦታ። በተከፈተ ሰሞን ፎቶ የሚያነሳው ሰው ከሚበላው ይበዛል። አንሱ፣ ማን ከለከላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ፎቶው ካለቀ በኋላ ስላለው ነው።

ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙልኝ፦ እንዲህ ዓይነቱ ቤት አንድ ቤት አይደለም። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት አራት ቤቶች ናቸው። ዋጋቸው ይለያያል፣ የሚደምቁበት ሰዓት ይለያያል፣ አንዳንዴ ወጥ ቤታቸውም ለየብቻ ነው። ያው ጥብስ ታች ከሥጋ ቤቱ ተቆርጦ፣ ከምድጃው ወርዶ እየተንጫጫ ይመጣል። ላይ ስታዙት ግን ደረጃውን እስኪወጣ ሞራው ይረጋል፣ ዋጋው ግን ከናንተ ቀድሞ ወጥቷል። ስለዚህ ታች ብሉ፣ ላይ ጠጡ። አስተናጋጁ «እዚሁ እናመጣላችኋለን» ቢላችሁም ታች ብሉ።

ቀኑን ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቱ ጭር ይላል፣ በያይነቱ ግን ያን ቀን ነው ነፍስ የሚኖረው፤ ብዙ ሰው ስለሚያዘው ወጡ አያድርም። በሌላ ቀን የጾም ብታዙ ግን የትናንት ሽሮ ሊደርሳችሁ ይችላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያለው ሰዓት ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚጎርፍበት ነው፣ መልስ ወይም ምርቃት ካለ ጨርሶ አትሞክሩት። የቅበላ ሰሞንማ አይወራም። ጸጥ ያለ ምሳ የሚፈልግ ሰው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከ6 ሰዓት በፊት ይግባ። በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው ሰው አንድ ላይ ስለሚገባ ወጥ ቤቱ እንደ አዲስ ይጨናነቃል፣ ወይ ቀድማችሁ ወይ 10 ሰዓት ላይ ድረሱ።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መጥታችሁ በስስ ሸሚዝ ጣሪያ ላይ የምትወጡ ልጆች፣ ለናንተ ለብቻ አንድ ነገር አለኝ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ ውርጭ ይጥላል። ጣሪያው የሚያምረው ከ9 እስከ 11 ሰዓት ፀሐይ ሳለች ነው፣ ከዚያ በኋላ ቢራው ሳይሆን እናንተ ናችሁ የምትበርዱት። «ማሞቂያ አለን» ካሉ የትኛው ጠረጴዛ አጠገብ እንዳለ በዓይናችሁ አይታችሁ ተቀመጡ። ጋቢ ይዞ ላውንጅ መግባት እዚህ አገር ነውር አይደለም። መጠጥ ያሞቃል የሚባለውም ለጊዜው ነው፤ ቆዳችሁ ይሞቃል፣ ሰውነታችሁ ግን ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

ወደ ሥጋው እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ሥጋ ቤቱ ጋ ቆማችሁ እዩ፣ ከጠረጴዛ አትዘዙ። የተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራ ማኅተም አለ ወይ? መቼ ታረደ? እነዚህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ የሚያኮርፍ ሥጋ ቆራጭ ካጋጠማችሁ ኩርፊያው ራሱ መልስ ነው። ከዚያ ክፍሉን በስሙ ጥሩ። ዝም ብላችሁ «ግማሽ ኪሎ» ካላችሁ ቆራጩ ያልተሸጠለትን ነው የሚመዝንላችሁ። ለቁርጥ ሽንጥ ወይም ዳቢት በሉት፣ ከቀዩ ጋር ጮማ ጣል ያድርግበት። ለጥብስ ጎድኑን ከነአጥንቱ የሚወድ አለ፣ እኔም ከነሱ ነኝ፣ ግን አስቡት፦ የሚመዘነው ጥሬው ነው፣ አጥንቱም አብሮ። እሳት ሲነካው ደግሞ ይሟሽሻል። አጥንት አልባ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ከነአጥንቱ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። ደረቅ ይሁን ለስለስ ያለ፣ ቅቤ ይግባበት አይግባበት፣ ቃሪያው ይብዛ ይነስ፣ ሁሉንም እዚያው ተናገሩ። ሚዛኑን ስታዩ አትፈሩ፣ ጎረቤታችሁም እያየ ነው።

በግ ከፈለጋችሁ አካባቢው የመንዝ በግ አገር ነው። ሰውነቱ አነስ ያለ፣ ላቱ የሰባ። ከላቱ ትንሽ ቁራጭ ጥብሱ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ፣ ዘይቱን ያስረሳችኋል። አዲስ ቤት ብዙ ጊዜ ፈረንጅኛ ምግቡን በሥዕል አሳምሮ ይለጥፋል፣ በርገሩም ፒዛውም መጥፎ ላይሆን ይችላል፣ ግን የመንዝ በግ አፍንጫው ስር እያለ ቺዝ በርገር የሚያዝ ሰው አይገባኝም። (ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ገባኝ።)

ስለ ጥሬ ሥጋ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ኮሶ የሚያመጣው እጭ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ሚጥሚጣ አይገድለውም፣ አዋዜ አይገድለውም፣ ከላዩ የሚወረወረው አረቄም አይገድለውም። ማኅተም ያለው ሥጋ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የምትጠራጠሩ አስጠብሱት። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ክርክር የለም፣ የበሰለ ነው።

ለብርድ ቀን ቅቅል የሚያክለው የለም። ግን ምሳ ላይ ነው የሚበላው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አጥንትና ባቄላ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃል። ከጠዋት ጀምሮ የተጣደ ድስት ያለበት ቤት ጥሩ ቅቅል ያወጣል፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ «አሁን እንሠራለን» ካሏችሁ ግን ሥጋው ጥርስ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ዳሸንም ሐበሻም እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አላቸው። ሰው ይሄን ሰምቶ ድራፍቱ ሁሉ ትኩስ ይመስለዋል። ፋብሪካው ቢቀርብም ቧንቧው ካልታጠበ ድራፍቱ ይኮመጥጣል፣ አሮጌ በርሜል ከሆነ ደግሞ አረፋው ወዲያው ይሞታል። መጀመሪያ አንድ ጃምቦ ብቻ እዘዙ፣ ቅመሱት፣ ካልጣማችሁ ወደ ጠርሙስ ዙሩ። ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ረጅሙ ታወር ለስድስት ሰባት ሰው ካልሆነ አያዋጣም። እዚህ ብርድ ስላለ አይሞቅባችሁም፣ ጋዙ ግን ይወጣል፣ የመጨረሻው ብርጭቆ ዕጣ ለማን እንደሚወጣ እዩት። የአገሩን አረቄ የምትፈልጉ ቀስ በሉ። በቢራ ላይ አትደርቡት። ከጠጣችሁም አምቦ ውሃ አጠገባችሁ ይሁን።

የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ መታወቂያ ቢጠይቋችሁ አትቆጡ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስም በዚሁ አዋጅ ክልክል ነው።

ባንድ ወይም ዲጄ ያለ ቀን ስፒከሩ የት እንደቆመ አይታችሁ በተቃራኒው ተቀመጡ። ወሬ የሚፈልግ ሰው ሙዚቃው ሳይጀምር ይብላ፣ ይጨዋወት፣ ይሂድ። በተለይ ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ። አጎታችሁን ከመንዝ አምጥታችሁ «ጋሼ፣ ሜኑው በስልክ ነው፣ ኪውአር ኮዱን ስካን ያድርጉ» ብትሏቸው የሚያዩአችሁን አስቡት። የታተመ ሜኑ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ካሸሯ ጋ አንድ አይጠፋም። እጅ መታጠቢያው እንደ ድሮው በማስታጠቢያ አይመጣም፣ ጥግ ላይ ነው፣ እሳቸውን አስቀድማችሁ አብራችሁ ሂዱ። ታች አስቀምጧቸው፣ ደረጃው ብዙ ነው።

ሂሳብ። ሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትን አያካትትም» የሚል ካለ ቀድማችሁ ደምሩ። ቫት 15 በመቶ ነው። አንዳንዱ ቤት 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨምራል፣ ቫቱንም በሱ ላይ ያሰላል። እንግዲህ የ1,000 ብር ምግብ መጀመሪያ 1,100፣ ከዚያ 1,265 ይሆናል። የአገልግሎት ከተቆረጠ ለአስተናጋጁ የምትተዉት የናንተ ደግነት ነው፣ ግዴታ አይደለም። ግን ሌሊቱን ሙሉ አራት ፎቅ የወጣች የወረደች ልጅ ናት፣ አትሰስቱባት። የታች ሂሳባችሁን ታች ዘግታችሁ ውጡ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ያልጠጣችሁት ጃምቦ ይገባል። በእጅ የተጻፈ ወረቀት አትቀበሉ፣ የማሽን ደረሰኝ ጠይቁ። ቴሌብር ይሠራል፣ ሆኖም ቅዳሜ ማታ «ሲስተም የለም» የሚባልበት ሰዓት አይጠፋምና ጥሬ ብር ኪሳችሁ ይኑር። «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል ካሸሯ ፊት አይሁን፣ ወረፋው ይቆማል። መጋበዝ የፈለገ ሰው ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ቀድሞ ይክፈል።

መመለሻውን ከመግባታችሁ በፊት አስቡ። ማታ የባጃጅ የሰዓት ገደብ ሊኖር ስለሚችል በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቁት፣ ሁሉንም ያውቃል። መኪና ያላችሁ ከናንተ አንዱ አይጠጣ። በተለይ ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ፦ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ የመኪናችሁ አፍንጫ እንኳ አይታይም፣ አንድ ጃምቦ የጠጣም ቢሆን እዚያ መንገድ ላይ ምንም ሥራ የለውም። አልጋ ይዛችሁ እደሩ። የተረፈ ጥሬ ሥጋ ካለ እዚያው አስጠብሱትና አስጠቅልሉት፣ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል።