የጨው ውሃ አኳሪየም ሲሞቅ፦ ከቺለር በፊት ፓምፑን እዩ

ኮራል ያለበት ገንዳ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል። በሙቀቱ ወራት ዱባይ ወይም ጅዳ ኤሲ ከጠፋ ግን 30 ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። ያኔ ብዙ ሰው ሮጦ ቺለር፣ ማለትም የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ይገዛል። ለእኔ ግን ቺለር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ውሃው በየቀኑ ይሞቃል

ጥፋቱ የክፍሉ ሙቀት ብቻ አይደለም። ውሃ ውስጥ የተጠመቀ ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። 50 ዋት የሚበላ ፓምፕ 24 ሰዓት ሲሠራ፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ 200 ሊትር ውሃን 5 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። ሂተሩንም (የውሃ ማሞቂያውን) ነቅላችሁ ሞክሩ፤ መቆጣጠሪያው ተጣብቆ አልጠፋ ብሎ ይሆናል።

መፍትሄው አሮጌውን ፓምፕ ትንሽ ዋት በሚበላ መቀየር ነው። ክዳኑን አንሱና በመረብ ተኩት፤ ዓሣ ይዘላል። ከዚያ ማራገቢያ ወደ ውሃው ገጽ አዙሩ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት የ200 ሊትሩን ሙቀት በ3 ዲግሪ ገደማ ለመቀነስ ይበቃል። የጎደለውን ግን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙሉ። ጨው ስለማይተን፣ በጨው ውሃ ከሞላችሁት ጨዋማነቱ እየጨመረ ይሄዳል።

አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ውሃው እንደ ልብ አይተንም፤ ማራገቢያው አቅም ያንሰዋል። ቺለር የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ቺለሩ ይሠራል፣ ውሃው አልቀዘቀዘም

ካቢኔ ውስጥ ተዘግቶበት የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ነው። አውጡት። ስትገዙም ውሃ የሚነካው ክፍሉ ታይታኒየም መሆኑን አረጋግጡ። መዳብ ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል።

ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ

ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አዙሩና የውሃው ገጽ ይናወጥ። በረዶ በቀጥታ አትጨምሩ። ውሃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን የታሸገ ጠርሙስ አንድ በአንድ አስገቡ፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይውረድ።

ድንጋዩ ላይ ቀይ ዝልግልግ ነገር ይጋገራል

ብዙ ጊዜ ውሃው እዚያ ጋ አይንቀሳቀስም፣ ቆሻሻም ይጠራቀማል። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ሊትር ውሃ ወደ ላይ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ከፍታውና እያንዳንዱ የቱቦ መታጠፊያ ይቀንሱለታል። ለኮራል በሰዓት የገንዳውን 20 እጥፍ አስቡ፤ ለ200 ሊትር 4,000 ሊትር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከታችኛው ገንዳ (ከዋናው ሥር ከሚቀመጠው) ውሃ ወደ ላይ በሚገፋው ፓምፕ አትሞክሩት፤ ገንዳው ውስጥ በተቃራኒ ጎን ሁለት ትናንሽ ፓምፖች ግጠሙ። ፍሰቱ ቀስ በቀስ ከደከመ ደግሞ የፓምፑን መዘውር ኖራ ይዞት ይሆናል። በአቼቶና ውሃ ዘፍዝፉት፣ አለቅልቁት።

መብራት ሲጠፋ ወለሉ ይጥለቀለቃል

ውሃውን ከታች ወደ ዋናው ገንዳ የሚመልሰው ቱቦ አፍ በጥልቀት ስለተጠመቀ፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃውን ወደ ታችኛው ገንዳ መልሶ ይስባል። አፉን ወደ ውሃው ገጽ አስጠጉት። አየር ገብቶ መሳቡ እንዲቆም፣ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱበት፤ ሁሌም አጽዱት። ታችኛው ገንዳም ለሚመለሰው ውሃ ቦታ ይኑረው። እናንተ ቤት እያላችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ፈትኑት።