የኤሌክትሪካልና ኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስ፦ ከዘርፍ መረጣ እስከ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት)

ማስተርስ ሲታሰብ የብዙ ሰው ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ላይ ነው። በዚህ ሙያ ግን ከስሙ በፊት ዘርፉ ይቀድማል። ኤሌክትሪካልና ኤሌክትሮኒክስ የሚለው መጠሪያ በጣም የተራራቁ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል። የማስተላለፊያ መስመር የሚያጠና ተማሪ የሚያወራው በመቶ ሺዎች ስለሚቆጠር ቮልት ነው። ቺፕ ዲዛይን የሚማረው ጓደኛው ደግሞ ከ1 ቮልት በታች ስለሚሠሩ ትራንዚስተሮች ሲጨነቅ ያድራል። ዲግሪያቸው ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ስም ሊሆን ይችላል።

1. ዘርፍ ምረጡ

ዋና ዋናዎቹ ፓወር ሲስተም (የኃይል ማመንጫና ማስተላለፊያ)፣ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ (ኃይልን በትራንዚስተር መቀየር)፣ ኮንትሮል (ማሽን ራሱን እንዲቆጣጠር ማድረግ)፣ ኮሙኒኬሽን፣ ሲግናል ፕሮሰሲንግ፣ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ (ቺፕ)ና ፎቶኒክስ (የብርሃን ቴክኖሎጂ) ናቸው። ጥሩ ውጤት ያመጣችሁበት ኮርስ ሁልጊዜ ትክክለኛው ምርጫ አይደለም። መምህሩ ጎበዝ ስለነበረ ይሆናል። ይልቅ ከሁለት ወይም ከሦስት ዘርፍ በቅርብ የወጡ የምርምር ጽሑፎችን አውርዱ። መግቢያቸውንና መደምደሚያቸውን ብቻ አንብቡ። ባይገባችሁም ጥያቄ የሚያጭርባችሁ የቱ ነው? እሱን ያዙ። ቀጥሎ የሥራ ማስታወቂያዎችን ተመልከቱ። ለምሳሌ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ አሁን የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በኤሌክትሪክ መኪናዎችና በቻርጀሮቻቸው ውስጥ ሲሊከን ካርባይድና ጋሊየም ናይትራይድ የሚባሉ የትራንዚስተር ቁሶች የተለመደውን ሲሊከን እየተኩ ነው። ቶሎ ቶሎ ስለሚበሩና ስለሚጠፉ፣ የሚባክነው ኃይልም ስለሚያንስ ዕቃው ትንሽና ቀላል ይሆናል።

2. የፕሮግራሙን ዓይነት እዩ

በአውሮፓ የተለመደው ሁለት ዓመትና 120 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። በብሪታንያ አብዛኛው ፕሮግራም በአንድ ዓመት ያልቃል። 180 የብሪታንያ ክሬዲት ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ 60ው ለፕሮጀክት ይሆናል። አንድ ዓመት ሲባል ቀላል ይመስላል። አይደለም! ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለውም። ምርምር የምትወዱና ወደ ዶክትሬት የምታስቡ ከሆነ ረጅሙ ይሻላል። ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጋችሁ አጭሩ ያዋጣል። በሁለቱም ላይ የኮርሶቹን ዝርዝርና የላቦራቶሪውን መሣሪያ ሳታዩ አትወስኑ።

3. አመልክቱ

ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ የቋንቋ ፈተና ውጤትና የዓላማ መግለጫ በብዙ ቦታ የሚጠየቁ ናቸው። የሚያስቸግረው መግለጫው ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሬዲዮ እየፈታታሁ ነው ያደግኩት» የሚለውን ተዉት፤ መራጮቹ ሰልችቷቸዋል። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ጻፉ። ምን ለካችሁ? ምን አልሠራ አለ? ለምን? ስኮላርሺፕ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ቀድማችሁ እወቁ። ብዙዎቹ ትምህርት ከመጀመሩ ከወራት በፊት ይዘጋሉ። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠውን ቼቭኒንግን የመሳሰሉት የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃሉ።

4. ሒሳቡን ከመግባታችሁ በፊት ጠግኑ

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። መምህሩ ሊኒየር አልጀብራን፣ ፕሮባብሊቲን፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንንና ፉሪየርን (ሲግናልን በፍሪኩዌንሲ የሚበትነውን ዘዴ) እንደምታውቁ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው። ማንም ቆሞ አይጠብቃችሁም። እነዚህ ደግሞ ለጌጥ የገቡ አይደሉም። አንድ የኮንትሮል ሲስተም ይረጋጋል ወይስ ይናወጣል የሚለውን የሚነግራችሁ የሲስተሙ ማትሪክስ አይገን ቫልዩ (ከማትሪክሱ የሚሰላ ቁጥር) ነው። የኃይል መረብ ስሌት ማትሪክስ እየፈታ በተደጋጋሚ ወደ መልሱ ይጠጋል። ማትሪክሱ ካልገባችሁ ሶፍትዌሩ «መልስ አላገኘሁም» ሲላችሁ አፋችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግን አይጠቅምም። ትንሽ ችግር ወስዳችሁ በሦስት መንገድ ፍቱት። 1 ኪሎኦም ሬዚስተርና 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አገናኙ። ውጤቱን ካፓሲተሩ ላይ ውሰዱ። መጀመሪያ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑን በእጃችሁ ጻፉ፤ ታይም ኮንስታንቱ (ካፓሲተሩ በምን ፍጥነት እንደሚሞላ የሚለካው) 1 ሚሊሰከንድ ይወጣል። ቀጥሎ በላፕላስ (ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ወደ ተራ አልጀብራ በሚቀይረው ዘዴ) ውጤቱ ከፍሪኩዌንሲ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ፈልጉ፤ 159 ኸርዝ አካባቢ ሲግናሉ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፣ በ45 ዲግሪም ይዘገያል። ከዚያ ኤልቲስፓይስ በሚባለው የሰርኪውት ሶፍትዌር ሲሙሌት አድርጉት። ሦስቱ ከተስማሙ ገብቷችኋል። ካልተስማሙም ደስ ይበላችሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

ሌላም ሞክሩ። የ700 ኸርዝ ሲግናልን በሰከንድ 1000 ጊዜ ብቻ ናሙና ውሰዱለት። ግራፉ ላይ 300 ኸርዝ ሆኖ ብቅ ይላል። ናሙናው ከሲግናሉ ፍሪኩዌንሲ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁት አትረሱትም።

5. መሣሪያዎቹን ተለማመዱ

ማትላብ የሚባለው የስሌት ሶፍትዌር የሚከፈልበት ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለተማሪ ፈቃድ አላቸው። እስከዚያ ነፃዎቹ ኦክቴቭ ወይም ፓይተን ይበቃሉ። ለሰርኪውት ቦርድ ዲዛይን ኪካድ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። ቺፕና ኤፍፒጂኤ (በፕሮግራም የሚቀየር ቺፕ) የሚማሩ ቬሪሎግ ወይም ቪኤችዲኤል የሚባሉትን የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋዎች ይጀምሩ። ሁሉንም አንድ ላይ አትሞክሩ።

6. ቴሲሱን አጥብቡት

አማካሪ ስትመርጡ ከዝናው ይልቅ ተማሪዎቹን በየሳምንቱ ያገኛቸው እንደሆነ የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ርዕሱንም አጥብቡ። «የፀሐይ ኃይልን ከግሪድ (ከኃይል መረብ) ጋር ማገናኘት» ጥያቄ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። «ግሪዱ እየደከመ ሲሄድ የዚህ ኢንቨርተር (ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይር ዕቃ) የከረንት ኮንትሮለር መረጋጋቱን የሚያጣው የት ላይ ነው?» ግን ጥያቄ ነው። ሊለካ ይችላል፣ ሊያልቅም ይችላል።

ሥራውን የታተመ የሌላ ሰው ውጤት በመድገም ጀምሩ። መድገም ካቃታችሁ ወይ እናንተ ያልገባችሁ ነገር አለ፣ ወይ ጽሑፉ የደበቀው። ሁለቱም መታወቅ አለባቸው። ሃርድዌር ካለ ዕቃውን በጊዜ እዘዙ። አንድ የጎደለ አይሲ (ቺፕ) ወር ሊያስቆማችሁ ይችላል፣ የመጀመሪያው ቦርድም ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ብቻችሁን አትሥሩ። ማብሪያው ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፤ ከመንካታችሁ በፊት ባዶ መሆናቸውን ለኩ።

የአሠራር ምዕራፉን ላብ ውስጥ እያላችሁ ጻፉት። ፋይሎቻችሁንም በቀን ሰይሙ፤ «የመጨረሻው»፣ «የእውነት የመጨረሻው» የሚሉ ስሞች በኋላ ያሳብዷችኋል። ቴሲሱን በፈታኞች ፊት ለምትከላከሉበት ቀን ደግሞ በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ ያለውን ቁጥር ለምን እንደመረጣችሁት በወረቀት መሥራት ቻሉ። ፈታኞች ስላይዱን አቁመው «ይህን 10 ኪሎኸርዝ ከየት አመጣኸው?» ማለት ይወዳሉ።